«ትዝታ» መጽሐፍ ነው ወይስ ዘፈን? በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ርእስ አጻጻፍ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ ከተለያየ የጎጃም አካባቢ የተላኩ ቢሆኑም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የመጽሐፍ፣ የመጣጥፍ፣ የግጥምና የዘፈን ርእስ ከሌላው ቃል ተለይቶ የሚታየው እንዴት ነው? ትእምርተ ጥቅስ የሚገባውስ የትኛው ርእስ ነው? የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለእነዚህ ደብዳቤዎች ተሰጥቷል። የእንግሊዝኛውን ቃል በራሳችን ፊደል፣ ምልክቶቹን ግን በእንግሊዝኛው ቅርጽ ስላስቀመጥን፣ አንባቢ ምሳሌዎቹን ሲያይ ዓይኑን በምልክቶቹ ላይ እንዲያሳርፍ እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንዱ የሰዋስው መጽሐፍ የመጽሐፍን ርእስ በኢታሊክ ጻፉ ይላል፤ ሌላው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ ይላል፤ የድሮው የመምህራን ማሠልጠኛ ማስታወሻዬ ደግሞ ከሥሩ አስምሩበት ይላል። ተማሪዎቼ የትኛውን ይያዙ?

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ሦስቱም መመሪያዎች ትክክል ናቸው፤ ልዩነታቸው የመጣው ከሚጻፍበት መሣሪያና ከሚያገለግሉት ሙያ ነው። ኢታሊክ የምንለው ጋደል ያለ ፊደል በ1501 እ.ኤ.አ. በቬኒስ፣ አልዱስ ማኑቲየስ በተባለው አሳታሚ ቤት መጻሕፍት ይታተሙበት ጀመር፤ ፊደሉን የቀረጸለትም ፍራንቸስኮ ግሪፎ የተባለ ባለሙያ ነው። በዚያን ጊዜ መጽሐፉ በሙሉ በዚሁ ፊደል ይታተም ነበር እንጂ ርእስን ለመለየት ታስቦ የተሠራ አልነበረም፤ የርእስ መለያ የሆነው ቆይቶ ነው። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ግን ኢታሊክ ስላልነበረው፣ ጸሐፊው መጋደል የሚገባውን ቃል ከሥሩ ያሰምርበት ነበር፤ መስመሩ ለፊደል ለቃሚው «ይህን በኢታሊክ ልቀመው» የሚል ትእዛዝ ነበር። የእርስዎ የማሠልጠኛ ማስታወሻ የያዘው ይህንኑ ልማድ ነው። ዛሬም በእጅ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅለትም፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ፊደል አጋድሎ መጻፍ ስለሚያስቸግር የመጽሐፍ ርእስ ሲጽፉ ከሥሩ ያስምሩበት፤ ተማሪዎችም በደብተራቸውና በፈተና ወረቀታቸው እንዲሁ ያድርጉ።

የመጽሐፍን ርእስ ሳይቀር በትእምርተ ጥቅስ የሚያስገባው የጋዜጠኞች ሥርዓት ነው። እንደ አሶሺዬትድ ፕሬስ ያለ የዜና ወኪል ዜናውን በሽቦ ለብዙ ጋዜጦች ሲያሰራጭ የፊደሉን መጋደል አብሮ መላክ ስለማይችል፣ መጽሐፉንም፣ ፊልሙንም፣ ዘፈኑንም በትእምርተ ጥቅስ መጻፍን ሥርዓቱ አደረገ። ሁለተኛው መጽሐፍዎ ምናልባት ይህን የተከተለ ሊሆን ይችላል። ለትምህርት ቤት ግን የምመክርዎ መጻሕፍት አሳታሚዎችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚከተሉትን ሥርዓት ነው። ራሱን ችሎ የሚወጣ ሥራ፣ ማለትም መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ ፊልም፣ ተውኔት ወይም የዘፈን አልበም፣ ርእሱ በኢታሊክ ይጻፋል፤ በሌላ ሥራ ውስጥ ገብቶ የሚገኝ፣ ማለትም በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ምዕራፍ፣ በመጽሔት ውስጥ ያለ መጣጥፍ፣ በመድበል ውስጥ ያለ ግጥም ወይም አጭር ልቦለድ፣ በአልበም ውስጥ ያለ ዘፈን፣ ርእሱ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል።

ብዙ መምህራን ይህን «ረጅሙ በኢታሊክ፣ አጭሩ በትእምርተ ጥቅስ» ብለው ያስተምራሉ። ለመያዝ ይቀላል፤ ሆኖም ተማሪን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። ሠላሳ ገጽ ብቻ ያላት የልጆች ተረት መጽሐፍ ራሷን ችላ ከታተመች ኢታሊክ ይገባታል፤ ስድሳ ገጽ የሚፈጅ የአንድ ትልቅ መጽሐፍ ምዕራፍ ግን የሚገባው ትእምርተ ጥቅስ ነው። መለኪያው የገጹ ብዛት ሳይሆን ሥራው ራሱን ችሎ መውጣቱ ወይም በሌላ ውስጥ ማደሩ ነው።

ለክፍልዎ የሚሆን አንድ ምሳሌ ላቅርብልዎ። ተማሪው በእንግሊዝኛ «ትዝታን እወዳለሁ» ብሎ ይጻፍ። ትዝታ የሚለውን ቃል በትልቅ ፊደል ጀምሮ ከሥሩ ካሰመረበት፣ የጎጃም ተወላጁ የክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ መጽሐፍ ማለቱ ነው። በትልቅ ፊደል ጀምሮ “ትዝታ” ብሎ በትእምርተ ጥቅስ ካስገባው፣ በዚህ ስም የተዘፈነ አንድ የተወሰነ ዘፈን ማለቱ ነው። ያለ ትእምርተ ጥቅስ በትንሹ ፊደል ከጻፈው ደግሞ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱን ማለቱ ነው፤ ቅኝት የዜማ ስልት እንጂ የአንድ ሥራ ርእስ አይደለምና። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንባቢው ከሦስቱ የትኛው እንደ ታሰበ የሚያውቀው በምልክቱ ብቻ ነው። ይህን በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ቢያሳዩአቸው ሕጉን በቃል ከማስጠናት የበለጠ እንደሚገባቸው አልጠራጠርም።

ተማሪዎቻችን ሁሉንም ርእስ በትእምርተ ጥቅስ የሚያስገቡት ከስንፍና የተነሣ እንዳልሆነም እንረዳላቸው። በአማርኛ « » ለሰው ንግግርም፣ ለመጽሐፍ ርእስም፣ ለዘፈንም፣ ለቅጽል ስምም የሚያገለግል አንድ ምልክት ነው። የግእዝ ፊደል ኢታሊክ የሚባል ልማድ የለውም፤ ኮምፒውተር በግድ ሲያጋድለውም ለዓይን ደስ አይልም። የብራና ጸሐፍቶቻችን ቃልን ከቃል ይለዩ የነበረው በፊደሉ ቅርጽ ሳይሆን በቀለም ነው፤ የመጽሐፉን መነሻና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ስለዚህ ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ይዞ የሚሄደው የሚያውቀውን አንዱን ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ድርሰት ርእስ በትእምርተ ጥቅስ አስገብቼ፣ ከሥሩም አስምሬበት ነበር፤ መምህሬ ነጥብ ቀነሱብኝ። ርእስ መሆኑን ማሳየቴ ለምን ስሕተት ሆነ?

መልስ፦ ልጄ፣ መምህርሽ ልክ ናቸው፤ አንቺም የተሳሳትሽው ከጥንቃቄ የተነሣ ነው። ከወረቀቱ ራስ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ርእስ ርእስነቱ በቦታው ይታወቃል፤ ምልክት የሚያስፈልገው ርእሱ በዐረፍተ ነገር መካከል ገብቶ ከሌሎች ቃላት ጋር ሊቀላቀል በሚችልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የራስሽን ድርሰት ርእስ በትእምርተ ጥቅስ አታስገቢው፤ ከሥሩም አታስምሪበት። ነገ ሌላ ተማሪ ስለ አንቺ ድርሰት ሲጽፍ ግን ያን ጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ያስገባዋል። በርእስሽ ውስጥ የሌላ ሰው ግጥም ወይም መጽሐፍ ስም ካለበት ያ ክፍል ብቻ የራሱን ምልክት ይይዛል።

ለራስሽ ርእስ የሚያስፈልግሽ የትልቁ ፊደል አጠቃቀም ነው። ለምሳሌ ድርሰትሽ «ኤ ጆርኒ ቱ ዘ ፎልስ ኦፍ ዘ ብሉ ናይል» የሚል ርእስ ቢኖረው፣ «ኤ» ትንሽ ቃል ብትሆንም የርእሱ መጀመሪያ ስለሆነች በትልቁ ፊደል ትጻፋለች፤ «ጆርኒ»፣ «ፎልስ»፣ «ብሉ» እና «ናይል» በትልቁ ይጀምራሉ፤ «ቱ»፣ «ኦፍ» እና ሁለቱም «ዘ» በትንሹ ይቀራሉ። ሁሉንም ፊደላት ትልቅ አድርጎ መጻፍም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥናቴ በሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው። አንዱ አማካሪዬ አራት ነጥቡን ከትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ አስገባ ይሉኛል፤ ሁለተኛው ከውጭ አድርገው ይሉኛል። በዋቢ ዝርዝሬ ላይ ደግሞ የመጣጥፎቹን ትእምርተ ጥቅስ በሙሉ ሰርዘውብኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አማካሪዎችዎ የተለያዩት አንዱ የአሜሪካንን፣ ሌላው የብሪታንያን አጻጻፍ ስለተከተሉ ይመስለኛል። ስለ ዜጌ ቡና የተጻፈ አንድ መጣጥፍ አለ እንበል። አሜሪካዊው፦ አይ ሬድ “ዘ ኮፊ ኦፍ ዜጌ.” ብሎ ይጽፋል፤ ምልክቱ ድርብ ነው፤ ነጥቡም የርእሱ አካል ባይሆን እንኳ ከውስጥ ይገባል። አብዛኛው የብሪታንያ መጻሕፍት አሳታሚ ደግሞ፦ አይ ሬድ ‘ዘ ኮፊ ኦፍ ዜጌ’. ብሎ ይጽፋል፤ ምልክቱ ነጠላ ነው፤ ነጥቡም ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋ እንጂ የርእሱ ስላልሆነ ከውጭ ይቀራል። ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የሚቀርበን ሁለተኛው ነው፤ እኛም በርእስ የሚያልቅ ዐረፍተ ነገር ስንጽፍ አራት ነጥቡን ከ« » ውጭ እናኖራለን። ይሁን እንጂ ምርጫው የእርስዎም የእኔም ሳይሆን ትምህርት ክፍልዎ የተቀበለው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ኤ.ፒ.ኤ. (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ) ወይም ኤም.ኤል.ኤ. (የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ) ከሆነ ሁለቱም አሜሪካዊ ስለሆኑ ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ከሁሉ የከፋው በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ማደባለቅ ነው።

ድርብ ሰረዝና ሁለት ነጥብ በሁለቱም አገር ከውጭ ይሆናሉ። ትእምርተ ጥያቄም በሁለቱ አገር አያጣላም፤ የሚጠይቀው ርእሱ ራሱ ከሆነ ከውስጥ ይገባል፣ ከዚያም በኋላ ሌላ ነጥብ አይጨመርበትም፤ የሚጠይቀው ዐረፍተ ነገሩ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ «“ዘ ኮፊ ኦፍ ዜጌ”ን አንብበሃል?» ለማለት፣ ምልክቱ ከውጭ ይቀመጣል።

ስለ ዋቢ ዝርዝሩ፣ ትእምርተ ጥቅሱን የሰረዙት አማካሪ ኤ.ፒ.ኤ.ን ተከትለው ከሆነ ትክክል ናቸው። በዚህ ሥርዓት የመጣጥፍ ርእስ በጽሑፉ መካከል ሲጠቀስ በትእምርተ ጥቅስ ይገባል፤ በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ግን ያለ ትእምርተ ጥቅስና ያለ ኢታሊክ ይጻፋል፤ ከመጀመሪያው ቃልና ከተጸውዖ ስሞች በቀር ቃላቱም በትንሹ ፊደል ይጀምራሉ፤ ኢታሊክ የሚሆነው የመጽሔቱ ስም ነው። ኤም.ኤል.ኤ. ግን በዝርዝሩም ላይ ትእምርተ ጥቅሱን አይለቅም። ብዙ ተማሪ የሚደክመው ጽሑፉንና ዝርዝሩን በአንድ ሕግ ለመያዝ ሲሞክር ነው።

ለጥናትዎ በተለይ የሚያስፈልግዎ ግን ይህ ነው። የመጽሐፉን ርእስ በላቲን ፊደል እንደ አነባበቡ ጽፈው በኢታሊክ ያድርጉት፤ በመጀመሪያ ሲጠቅሱት በቅንፍ ትርጉሙን ይስጡ። መጽሐፉ «ላቭ አንቱ ክሪፕት» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ታትሞ ስለወጣ፣ ያን ትርጉም የሚጠቅሱ ከሆነ እርሱም የመጽሐፍ ርእስ ነውና በኢታሊክ ይሁን። ስለ በዛብህ ስለት የተጻፈ መጣጥፍ ርእስ የመጽሐፉን ስም በውስጡ ከያዘ፣ መጣጥፉ በሙሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሆኖ የመጽሐፉ ስም ብቻ እዚያው ውስጥ ይጋደላል። በመጣጥፍ ርእስ ውስጥ የገባው የግጥም ስም ከሆነ ግን፣ ውጭው ድርብ ውስጡ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ይሆናል፤ ብሪታንያውያን ይህን ገልብጠው ይጽፉታል።

ጥያቄ፦ በዜጌ አስጎብኚ ነኝ። የጣና ገዳማትን ለሚጎበኙ እንግዶች በእንግሊዝኛ አጭር መግለጫ እያዘጋጀሁ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስን፣ የክብረ ነገሥትን፣ የተአምረ ማርያምን ስም፣ እንዲሁም የግድግዳ ሥዕሎቹን ስም በምን ምልክት ልጻፍ? የመግለጫውን ረቂቅ አብሬ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ከዚህ ሕግ ነጻ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቁርአን፣ በመጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ ያሉት እንደ መዝሙረ ዳዊት ያሉ መጻሕፍት በትልቁ ፊደል ይጀምራሉ እንጂ ኢታሊክም ትእምርተ ጥቅስም አይደረግባቸውም። ክብረ ነገሥትንና ተአምረ ማርያምን ግን የእንግሊዝኛ ምሁራን እንደ ሥራ ርእስ ቆጥረው በኢታሊክ ይጽፏቸዋል፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ጨምሮ የአብያተ ክርስቲያናቱ ስም ምንም ምልክት አያሻውም። ሠዓሊው ራሱ ስም ያወጣለት ሥዕል በኢታሊክ ይጻፋል፤ በገዳማቱ ግድግዳ ላይ ያሉት ግን ሠዓሊዎቹ ርእስ የሰጧቸው ሳይሆኑ እኛ «ማርያም ከልጇ ጋር»፣ «ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ» እያልን የምንጠራቸው ስለሆኑ፣ ያለ ምልክት ቢጻፉ ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ በረቂቅዎ ላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር አለ፤ ሳይታተም በፊት እንዲያርሙት አደራ እላለሁ። ብራናውን ሲገልጹ “ኤንሸንት”፣ ቅዱሱን ስፍራ ሲገልጹ “ሆሊ” የሚሉትን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ አስገብተዋቸዋል። ያደረጉት ቃሉን ለማክበርና አጉልቶ ለማሳየት እንደ ሆነ ይገባኛል፤ በአማርኛ ማስታወቂያም የምናየው ልማድ ነው። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ርእስም ንግግርም ያልሆነን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ማስገባት ጸሐፊው ቃሉን ራሱ እንደማያምንበት ያስመስላል፤ «ጥንታዊ ነው ይሉታል፣ እኔ ግን የለሁበትም» እንደ ማለት ነው። አባቶች በስንት ድካም ጠብቀው ያቆዩት ብራና በሁለት ጭረት ምክንያት በእንግዳው ዓይን አጠራጣሪ ሆኖ መታየት የለበትም። ትእምርተ ጥቅሱን ያንሡት፤ ቃሉ ብቻውን ይበቃል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሞጣ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። በሕይወት ሳሉ የተቀኟቸውን አንዳንድ ጉባኤ ቃናዎችና መወድሶች፣ ከገበሬውም የሰማኋቸውን ጥቂት የቃል ግጥሞች ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። ቅኔ ርእስ የለውም፤ ታዲያ በትእምርተ ጥቅስ የማስገባው ምኑን ነው?

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ደስ አሰኝቶኛል፤ የያዙትም ሥራ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ያለው የቅኔ ዓይነት መጠሪያ እንጂ የአንድ ቅኔ ርእስ አይደለም። ስለዚህ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ አያስገቡት፤ ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንግዳ ቃል ስለሆነ በመጀመሪያ ሲጠቅሱት በትንሹ ፊደል ጀምረው በኢታሊክ ይጻፉትና ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዱ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ቃል ሊጽፉት ይችላሉ። ዋሸራና ጎንጅም የጉባኤ ቤት ያለባቸው ስፍራዎች ስም ናቸውና ምልክት አይሹም።

ርእስ የሌለውን ግጥም እንግሊዝኛ የሚጠራው በመጀመሪያው ስንኝ ነው። ስንኙ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ብቻ የርእስ ትልልቅ ፊደላት ሕግ አይሠራም። ለምሳሌ በጎጃምም በሌላውም አገር የሚታወቀው የቃል ግጥም «ዓባይ ጉደል ብለው አለኝ በታኅሣሥ» ብሎ ይጀምራል። ይህን በላቲን ፊደል ሲጽፉ “ዓባይ ጉደል ብለው አለኝ በታኅሣሥ” ብለው ሙሉውን በትእምርተ ጥቅስ ያስገቡ፤ «ዓባይ» የስንኙ መጀመሪያም የወንዝ ስምም ስለሆነ በትልቁ ፊደል ይጀምራል፤ «ጉደል»፣ «ብለው» እና «አለኝ» በትንሹ ይቀራሉ፤ «በታኅሣሥ» የሚለው ቃል ደግሞ በአማርኛ «በ» ከወሩ ስም ጋር ተጣብቆ የተጻፈ ስለሆነ በትንሹ ቢጀምር አልቃወምም። ቃላቱን በሙሉ በትልቅ ፊደል ቢጀምሩ አንባቢው ገጣሚው ራሱ ያወጣው ርእስ ይመስለዋል፤ ይህ ደግሞ ለግጥሙ ያልነበረውን ነገር መስጠት ነው።

የአባትዎም ቅኔዎች በዚሁ መንገድ ይጠሩ። የግእዙን የመጀመሪያ ቤት በላቲን ፊደል በትእምርተ ጥቅስ ያስቀምጡ፤ የእንግሊዝኛውን ፍቺ በቅንፍ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ያስከትሉለት። ቤቱ ረጅም ከሆነ ሦስት አራት ቃል ወስደው የተቀረውን በሦስት ነጥብ ማመልከት ይችላሉ። እኔ ግን፣ ገጹ ከፈቀደልዎ፣ ቤቱን ሙሉውን እንዲያስቀምጡ እመርጣለሁ፤ የቅኔ ሰሙም ወርቁም ያለው በቃላቱ አገባብ ላይ ስለሆነ ከመካከል የተቆረጠ ቤት ግእዝ ለሚያውቅ አንባቢ ምንም አይነግረውም። ለእያንዳንዱ ቅኔ ማራኪ የእንግሊዝኛ ርእስ አውጡለት የሚል አርታኢ ቢገጥምዎ በትሕትና እምቢ ይበሉ። አሳታሚው የግድ ካለም፣ ርእሱን ተርጓሚው እንጂ ባለቅኔው እንዳላወጣው በመግቢያዎ ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ የቅኔዎቹ መድበል ራሱ ግን መጽሐፍ ሆኖ ስለሚወጣ የሚወዱትን ስም ሊሰጡት ይችላሉ፤ እርሱም በኢታሊክ ይጻፋል።